የዱቤ ደብተር

ነሐሴ አሥራ አራት፣ ከመግሪብ በኋላ፣
በጦሳ በኩል ሰማዩ ጥቁር ጥላ አጠላ።
"የደሴ ዝናብ ነው፣ ኮምቦልቻ አይመጣም"
አለ አራጋው፤ ባጃጁን ከመንገድ አላወጣም።
እኔም ከሱቄ በር ወንበሬን ሳላነሳ
ሳይ ነበር ብልጭታው ሲሮጥ፣ ወድቆ ሲነሳ።
መብረቁ ይጽፋል፣ መልሶ ያጠፋል፤
ልክ እንደ ደብተሬ፤ ማን ከፍሎ ያርፋል?

ከዚያማ ነጎድጓዱ ቆርቆሮ እየገለበጠ
ሰፈሩን በጥፊ ከዳር ዳር አናወጠ።
ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደ፤
መብራት ድርግም አለ፤ የሰፈሩ ውሻ አበደ።
"ሻማው የት ነው?" ስትለኝ ጦይባ ከጓዳ፣
አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የመኪና አይደለም፣ የናዳ።
ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ውሃ ውስጥ ሲማታ፣
ቦርከና ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማሁት በዚያ ማታ።

"ቦርከና!" አለ አንድ ሰው። ሌላ ቃል አልጨመረ።
ስሙ ብቻ በቃን፤ ሰፈሩ ወደ ዳገት በረረ።
ጦይባ የሙሄን እናት አዘለቻት በጀርባ፤
"ተይኝ፣ እኔስ ኖርኩ" ስትላት፣ "አብሽሪ" አለቻት ጦይባ።

እኔ ግን፣ አላህ ይማረኝ፣ ወደ ኋላ ቀረሁ።
ለምን ትሉኝ እንደሁ፣
ለዚያ ለደብተሩ ነው፤ ጠርዙ ላለቀ፣ ልባሱ ለሳሳ፣
ከሸህ እስከ ቄስ ድረስ ማንንም ላልረሳ።

ውሃው አላንኳኳም። እንደ ባለቤት ገባ፤
ጭቃ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ቤቶች!" ብሎ ሳያግባባ።
ስኳሩን አነሳ፤ ሁለት ኩንታል ጨዌን፣
ሳሙናዬን፣ ክብሪቴን፣ ባትሪ ድንጋዬን።
ያን ሌሊት ሐርቡ ላይ ቦርከናን የቀመሰ ሰው
ካለ ይመስክርልኝ፦ እኔ ነኝ ያጣፈጠው።

ሙሄ ነው ያወጣኝ፤ በመስኮት ገመድ ጣለ።
"ለወረቀት ነው?" እያለ ዳገቱን እስክንወጣ ሰደበኝ፤
እናቱን በጦይባ ጀርባ ላይ ሲያያት ዝም አለ።

ሲነጋ ደብተሩን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁ፤
ገጽ ከገጽ ተጣብቆ አንድ ሰማያዊ ኩሬ አገኘሁ።
ሸሁም ቄሱም እዚያ ውስጥ ሟሙተው አንድ ሆነው፤
ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቅ የላይኛው ነው።

ሦስት ቀን ጭቃ ዛቅን። ሰው ከሰው አልተነጋገረ።
አካፋ ብቻ አወራ። አካፋ ብቻ መከረ።
ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ እትዬ በለጡ መጣች፤
በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች፦
"ሦስት ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና፤ ከሐምሌ የቀረ።"
"እትዬ፣ ደብተሩ እኮ..."
"የኔ ጭንቅላት መች በጎርፍ ተነከረ?"

ከሷ ኋላ አራጋው፣ ባጃጁን ከጭቃ ቆፍሮ ያወጣ፦
"አራት መቶ ሃያ ነው፤ ጠብቀኝ፣ ሞተሩ ነፍስ እስኪያመጣ።"
ከሱ ኋላ አንዲት ልጅ፣ ከባንኮኒው የምታንስ፦
"እማዬ ሁለት እንቁላል አለብን ብላለች"፤ ሮጠች፣ ሳልመልስ።

አንዱ ግን አልመጣም። ከሁሉ የበዛው የሱ ነበር።
በበሬ ያልፋል፤ ሰላም ይለኛል፣ ዓይኑን ጥሎ ወደ አጥር።
ስሙን አልነግራችሁም፤
ጎርፉ የፋቀውን እኔ አልጽፈውም።

ሉባባም መጣችና "ስልሳ ብር አለብኝ" አለች።
ወላሂ፣ ከኔ ሱቅ በዱቤ አንድ ክብሪት አልወሰደች።
መለስኩላት። መለሰችው። መለስኩ።
ባንኮኒው ላይ ትታው ሄደች።

አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ ከደሴ፣ ከፒያሳ፤ በዱቤ።
ማንን ላስቀድም ብዬ ተማከርኩ ከልቤ።
በመጀመሪያው መስመር የራሴን ስም አሰፈርኩ፤
"ለሙሄ፦ አንድ ገመድ" አልኩ።
ከሥሩ "ስልሳ ብር"፤
የማን እንደሆነ ዘለልኩ።

እስክሪብቶዬን ሳልከድን በጦሳ በኩል አጉረመረመ።
አራጋው ሰማዩን አየ፤ እኔን አየ፤
ሊል ያሰበውን ዋጠና
ባጃጁን እየገፋ ወደ ዳገቱ አዘገመ።